«ያዙልኝ» ብለው ስለጠፉበት በሬ

ጥቅምት ፱ ቀን
ወላይታ ሶዶ

ለተከበሩ አቶ ደገፉ ኤርካሎ
የቅሬታ አቀባበልና ምላሽ አሰጣጥ ክፍል ኃላፊ
(የመሥሪያ ቤትዎን ስም ያልጻፍኩት ረስቼው ሳይሆን፣ እዚያ የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች ምንም ስላላደረጉኝ ነው።)

ግልባጭ፦
«የሶዶና አካባቢዋ ግዛ ሽጥ» የቴሌግራም ቡድን አባላት በሙሉ
የመሥሪያ ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ
አከራዬ አቶ ክብረት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለማዕረግዎ የሚገባውን ሰላምታ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ዓይንዎ፣ ጆሮዎ፣ በተለይም የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት ደህና ነው? ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም። ከአንድ ወር በላይ አንዲት ቃል ሊጽፉልኝ ስላልቻሉ መጀመሪያ ላይ በጠና የታመሙ መስሎኝ ነበር። ስለዚህም በሰፈራችን የሴቶች የጸሎት ኅብረት ስምዎን አስይዤ፣ አሥራ አራት ሴቶች ሁለት ረቡዕ በተከታታይ ተንበርክከው ስለ ፈውስዎ ለምነዋል። በኋላ ፎቶግራፍዎን ስናይ ጸሎታችን ፈጥኖ እንደተሰማ ተረዳን። ፊትዎ ወዝ አለው፣ ጉንጭዎም ሞላ ብሏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ራሴን ላስተዋውቅዎ። እታፈራሁ ጦና እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ እዚሁ ሶዶ በኪራይ ቤት የምኖር ሴት ነኝ። ይህ ካላስታወሰዎ፣ ከመስከረም ስምንት ወዲህ በቴሌግራም ሃያ ሰባት መልእክት ልካልዎት ሃያ ሰባቱም ተነብበው መልስ ያላገኙላት ያቺ ሴት ነኝ። ጉዳዬም እርስዎ ከእኔ ሊገዙት «ያዙልኝ» ብለው ያስያዙትን አንድ በሬ ይመለከታል።

የበሬውን ነገር ከሥሩ መጀመር አለብኝ፤ እርስዎ ቢያውቁትም ይህን ደብዳቤ የሚያነቡት ብዙ ናቸውና። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ገሱባ ተመድቤ ሳስተምር የተከራየሁት ቤት እማማ ወለተጊዮርጊስ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከእርሳቸው ጋር ኮታ አለን። ኮታችን እኔ በሬ ገዝቼ እሰጣለሁ፣ እርሳቸው አብልተው ያደልባሉ፣ መስከረም ላይ ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ ሲሸጥ እኩል እንካፈላለን የሚል ነው። እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ በሬ በዚህ ዓይነት አሳልፈናል፤ አንድ ወረቀት አልተፈራረምንም፣ አንድም ቀን ሽማግሌ ፊት አልቀረብንም። እርሳቸው ስልክ ስለሌላቸው መሸጡ የእኔ ሥራ ነው፤ እኔ የሣር ዓይነት ስለማልለይ ማድለቡ የእርሳቸው ነው።

የዘንድሮው ሃያኛው ነው። ሚያዝያ ላይ ከሻንቶ ገበያ ስገዛው የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠር ነበር። እማማ ወለተጊዮርጊስ የስኳር ድንች ሐረግ እያጨዱ፣ የእንሰት ሥር እየከተፉ፣ ጨው እያላሱ፣ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ደግሞ የውሏቸውን ነገር ሁሉ እያጫወቱት፣ ጳጉሜን ሲገባ ጀርባው ላይ ሰው ቢተኛ የማይወድቅ ሰንጋ አደረጉት። እኔም ፎቶውን አንስቼ ቡድኑ ላይ ለጠፍኩት።

በዚህ አጋጣሚ ለቡድናችን አባላትም ምስጋና ሳላቀርብ ማለፍ አልፈልግም። ፎቶውን በለጠፍኩ በመጀመሪያው ቀን ሰማንያ ሰው «አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «አለ» ብዬ ስመልስ ሰባ አምስቱ እንደ ጉም በነኑ። ከቀሩት አንዱ «ይሠራል?» አለኝ። አንዱ «ሌላ ከለር አለው?» ብሎ ጠየቀ። አንዷ አረካ ድረስ ዴሊቨሪ እንዳለው ማወቅ ፈለገች፣ «በራሱ እግር ይመጣል» ስላት ጠፋች። አንድ ወንድም ደግሞ ዋጋውን ሳይጠይቅ «መጨረሻው ስንት ነው?» ብሎኝ፣ ስነግረው የሚያለቅስ ፊት ልኮ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እነዚህን ሁሉ ይቅር ብያለሁ። ጠየቁ፣ ጠፉ፤ ቃል አልሰጡኝም፣ እጄንም አላሰሩም። እርስዎ ግን ከእነርሱ ይለያሉ፤ ክብር ያለው ሰው ነዎትና። ቅሬታዬንም በመሥሪያ ቤትዎ ቅጽ ላይ እንደታዘዘው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በእንቁጣጣሽ ማግስት «እህቴ ጤና ይስጥልኝ። በሬው አለ? ለመሥሪያ ቤታችን ቅርጫ ነው። ያዙልኝ፣ ለሌላ ሰው እንዳታሳዩብኝ» ብለው ጻፉልኝ። ደግሞም ይህ አልበቃ ብሎዎት ደወሉ። ስምዎን፣ የሥራ ድርሻዎን፣ ስንት ሠራተኛ በሥርዎ እንዳለ ነገሩኝ። «እኔ የሰው ቅሬታ የምሰማ ሰው ነኝ፣ ቃሌ ቃል ነው» አሉኝ። እኔም የዕድሜዬን ያህል ሞኝ ስለሆንኩ አመንኩዎት።

እዚህ ላይ እርስዎ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። እማማ ወለተጊዮርጊስ ከአባታቸው ቤት ይዘውት የመጡት ሥርዓት አላቸው። አንድ ሰው «ያዙልኝ» ያለው ከብት፣ ያው ሰው በገዛ አፉ «ተውኩት» እስኪል ድረስ ለሌላ ገዢ ዓይን አይታይም። ቀብድ መስጠቱን አይጠይቁም፣ ቃል መስጠቱን ብቻ ነው የሚጠይቁት። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥርዓት ኖሬ አንድም ቀን አልጎዳኝም፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ ያስያዘን ሰው ሁሉ ወይ ይወስድ ነበር ወይ «ተውኩት» ይል ነበር።

የአረካው ከብት ነጋዴ ይስሐቅ በዚያ በተቦረቦረ መንገድ እየተንገጫገጨ ሁለት ጊዜ ገሱባ ድረስ ሄዷል። በሁለተኛው ጊዜ እማማ ወለተጊዮርጊስ መኪናውን ከሩቅ ሲያዩ በሬውን ከሚተኙበት ቤት አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ በርጩማ አውጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ይስሐቅ በሬው ከግድግዳው ወዲያ ሲያመነዥክ እየሰማ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ። አንዲት አሮጊት ለእርስዎ ሲሉ ከበሬ ጋር በአንድ ክፍል ለመተኛት ፈቃደኛ መሆናቸው ምን ያህል ያስደስትዎት ይሆን? ለዚህ ክብር ስላበቁን እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ መስከረም ስምንት ቀን «ቅዳሜ እንዲያዩት በሬውን ሶዶ ላስመጣው ወይ?» ብዬ ስጽፍልዎ አንድ የአውራ ጣት ምስል ላኩልኝ። ቢጫ፣ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ጤነኛ አውራ ጣት። ከእርስዎ ያገኘሁት የመጨረሻ መልስ እርሷ ናት። እኔ የድሮ ሰው ስለሆንኩ «እሺ» ማለት መሰለችኝ። አሁን በሳል በሆነ ሁኔታ ሳስበው፣ «የፈለግሽውን አድርጊ፣ እኔ ሌላ ቦታ በሬ እያየሁ ነው» ማለት ኖሯል፤ ይህን የመሰለ ረጅም ሐሳብ በአንዲት ጣት መግለጽ በመቻልዎ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

በሬው አርብ ዕለት በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። እማማ ወለተጊዮርጊስ አስፋልቱ ድረስ ሸኝተውት፣ አዲስ የጎነጎኑትን ገመድ አንገቱ ላይ አስረውለት፣ «ለአዲሱ ጌታህ ታዘዝ» ብለውት እንደተመለሱ ሾፌሩ ነግሮኛል። በማግስቱ የባልደረባዬን ልጅ ሠርግ ትቼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ግቢውን ጠርጌ፣ በሬውን በውኃ አጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ስደውልልዎ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለው ልጅ አነጋገረችኝ። በዚያን ቀን ያነጋገረችኝ ትሑት ሰው እርሷ ብቻ ስለሆነች በዚሁ ደብዳቤ ሰላምታዬ ይድረሳት።

፫ኛ፦ በሬው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ አንድ ወር ሙሉ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ታስሮ ይኖራል። ይህ ግቢ ለሦስት ተከራይና ለአንድ የጎመን መደብ የተሠራ ነው። ጎመኑ በሁለተኛው ቀን አለቀ። በአምስተኛው ቀን የአከራዬ የአቶ ክብረት የእሑድ ኮት ኮሌታውን አጣ። አቶ ክብረት በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ኮታቸውን ይዘው መጥተው የተበላውን አንገት አሳዩኝ፣ መልሰው አጣጥፈው ሄዱ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ማንም ሰው ግቢያችን መጥቶ «ይህ የማን ነው?» ሲል አቶ ክብረት የእርስዎን ስም ከነአባትዎ ስም ይናገራሉ፤ ስለዚህ በአካባቢያችን በጣም የታወቁ ሰው እየሆኑ መምጣትዎን በደስታ እገልጻለሁ።

፬ኛ፦ ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። በርዎ ላይ «ማንኛውም ቅሬታ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ያገኛል» የሚል ጽሑፍ በሚያምር መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ጸሐፊዎ ሜላት መልካም ልጅ ናት፤ ሦስቱንም ጊዜ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ፣ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ወንበር ሰጠችኝ። ቅሬታዬን በጽሑፍ እንዳስገባ መከረችኝና አስገባሁ። ቅጹ «ቅሬታ የቀረበበት ኃላፊ ስም» ይላል፣ የእርስዎን ጻፍኩ። ቀጥሎ «ቅሬታውን የሚመረምረው ኃላፊ ስም» ይላል፣ እሱንም ሜላት እየተሳቀቀች የእርስዎን ጻፈችው። ያ ቅጽ ዛሬ ጠረጴዛዎ ላይ ሃያኛ ቀኑን ይዟል። እንዴት ነው፣ ምርመራው? ተጠርጣሪው ይተባበራል?

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የለመንኩት እንዲገዙኝ አይደለም። ገዢ ሐሳቡን ይለውጣል፣ ሚስቱ ትከለክለዋለች፣ ቅርጫው ይፈርሳል፤ ይህ ሁሉ የሰው ነገር ነው። የለመንኩት «ተውኩት» የሚለውን ቃል ነው። አራት ፊደል ነው፤ አንደኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ልጆች ኅዳር ሳይገባ ይጽፉታል። እሱን ቢጽፉልኝ ኖሮ በዚያው ሰዓት ለይስሐቅ እደውልለት ነበር።

፭ኛ፦ ይህኛው ቁጥር አይገባውም ነበር፣ ነገር ግን ቅጹ ስለሚያዝ ሰጥቼዋለሁ።

በጊፋታ ዕለት ገጽዎ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ለጠፉ። ኮባ ቅጠል ላይ ሥጋ ተከምሯል፣ የቃሪያ ማባያው ዳታ በሳህን ቀርቧል፣ እርስዎ እጅጌዎን ሰብስበው ቢላዋ ይዘው መሐል ላይ ቆመዋል። «ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር፣ ዮ ዮ ጊፋታ» ብለው ጽፈውበታል። አርባ ሦስት ሰው እንኳን አደረሰዎ ሲልዎ ለአርባ ሦስቱም በየስማቸው «አሜን፣ አብሮ ያድርሰን» ብለው መልሰዋል። አርባ አራተኛዋ እኔ ነበርኩ። «እንኳን አደረሰዎ፣ በሬዎ አሁንም እየጠበቀዎት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጽሑፌ ጠፋ። ስለዚህ አውራ ጣትዎ ደህና እንደነበረ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በዚያው ቀን ገሱባ ላይ ምን እንደነበረ ልንገርዎ። እማማ ወለተጊዮርጊስ ከበሬው ድርሻቸውን አግኝተው በሰፈራቸው ቅርጫ ሊገቡ ነበር ያሰቡት። በሬው ስላልተሸጠ አልገቡም። ሁለት የተዳሩ ሴት ልጆቻቸው ከነባሎቻቸውና ከአማቶቻቸው ጋር መጡ። ለአማቶቻቸው ቆጮና ጎመን አቀረቡላቸው። በጊፋታ ቀን። ጎረቤት ሲሰማ ከየቤቱ በኮባ የተጠቀለለ ቁራጭ ሥጋ ተላከላቸው። አምስት ወር በእጃቸው እያጎረሱ በሬ ያደለቡ ሴት፣ ያ በሬ ቆሞ በእርስዎ ትእዛዝ እየጠበቀ፣ የጎረቤት ቁራጭ ተቀብለው ለእንግዳ አቀረቡ። ትልቂቱ ልጃቸው እናቷ ያን ቀን አንድ ጉርሻ እንዳልበሉ ነገረችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ ራሳቸው ሶዶ መጡ። መጀመሪያ ወደ በሬው ሄዱ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናሩን ጠረጉለት። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ያቀረብኩላቸውን አልነኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ስንተዋወቅ ከቤቴ ውኃ ሳይቀምሱ ሲወጡ ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንዲህ አሉኝ፦ «ቲቸር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት አልጠየቅኩሽም። አሁንም አልጠይቅም። ግን ትልቅ ሰው፣ የቢሮ ሰው፣ ያዙልኝ ብሎ ዝም ይላል ብለሽ አትንገሪኝ። እንደዚህ ያለ ሰው የለም። ሰውዬው ካለ አሳዪኝ። ከሌለ ኮታችንን እንፍታ።»

በእርሳቸው ሐሳብ ሁለት ነገር ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው። ወይ እርስዎ አሉ፣ ያኔ በሬው «ተውኩት» እስኪሉ የእርስዎ ነው። ወይ እርስዎ የሉም፣ ያኔ ሰው ፈጥሬ በሬውን ወደ ግቢዬ ያመጣሁት ብቻዬን ልበላው ነው። መልእክቶቹን አሳየኋቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ለእርሳቸው የማንም ጽሑፍ አንድ ነው። አውራ ጣቷን አሳየኋቸው፣ «አሳቅሽኝ» አሉኝ እንጂ አልሳቁም። ድምፅዎን ላሰማቸው ደወልኩ፤ ያቺ ልጅ «አሁን ማግኘት አይችሉም» አለቻቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

አቶ ደገፉ፣ ያን ቀን አለቀስኩ። ባል የለኝም፣ ልጅ አልወለድኩም። ታምሜ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ስተኛ ከገሱባ አጥሚት ተሸክመው የመጡት እርሳቸው ናቸው። እርስዎ ለአንድ መልእክት መልስ ስላልጻፉ እኔ በዚህ ዓለም ባለችኝ አንዲት ዘመድ ዓይን ውስጥ ሌባ ሆኜ ቆሜአለሁ። በሬው ቢሞት ይሻለኝ ነበር።

ስድስተኛ ቅሬታ የለኝም። ከዚህ በታች ያለው፣ እኔ በበኩሌ የወሰድኳቸው የመፍትሔ እርምጃዎች ዝርዝር ነው።

በሬው በእማማ ወለተጊዮርጊስ ሕግ የእርስዎ ንብረት ስለሆነ፣ ጠያቂዎችን ወደ ባለቤቱ መምራት ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህም ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ በሬውን እንደገና ቡድኑ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ዋጋውን አልጻፍኩም፣ የጻፍኩት የእርስዎን ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ከሐሙስ ወዲህ ስልክዎ ሥራ በዝቶበት እንደሆነ ይገባኛል። «አለ?» የሚሉዎትን በትዕግሥት ያስተናግዱ። «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚልዎት ሰው ክፋት የለበትም፣ ልማድ ነው። ሦስት ሰው ደግሞ በጣም እንደሚፈልጉትና ቅዳሜ እንደሚመጡ ቃል ገብተውልኛል፤ ቢሮዎ እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በር ላይ ቆመው ጠብቀዋቸው ከሆነ እና ካልመጡ፣ ስሜቱን አውቀዋለሁ።

የጸሎት ኅብረታችን አሥራ አራት ሴቶች ለፈውስዎ የጸለዩትን ጸሎት እንዲያነሡ ጠይቄ ነበር። አልተስማሙም፤ ጸሎት አይነሣም አሉኝ። ነገር ግን በየቤታቸው፣ በየሱቁና በየታክሲው ታሪኩን እንዳይናገሩ የሚከለክል ነገር አላገኙም። ከመካከላቸው አንዷ የባለቤትዎ የቅርብ ወዳጅ መሆኗን ያወቅነው በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ክርስቲያን መሆኔን አልረሳሁም። ጌታ ይቅር እንዲለኝ ጠይቄዋለሁ፤ ከማድረጌ በፊት ነው የጠየቅኩት፣ በኋላ ደስ እያለኝ ንስሐ መግባት እንዳይከብደኝ ብዬ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝምታዎና በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ትምህርት ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ስብሰባዎ እንዲበዛ፣ የሚቀጥለው ጊፋታ ሲመጣም በሬ የሚያስይዙበት ሰው በወላይታ ምድር እንዳያጡ ከልቤ እመኛለሁ።

ከማይገባዎት አክብሮት ጋር፣
እታፈራሁ ጦና
ጡረተኛ መምህርት፣ ያለ ፈቃዷ የበሬዎ ጠባቂ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳዎ ላይ ሲለጠፍ እማማ ወለተጊዮርጊስ ከገሱባ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደርሰው፣ በሬውን ከግቢዬ ፈትተው፣ በእግራቸው እየነዱት ወደ ቢሮዎ ይመጣሉ። በሬውን የጥበቃው ብረት ላይ አስረው፣ ራሳቸው በርዎ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሜላት እንደ ልማዷ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላቸው ይሆናል። ትበል፤ የሌለ ሰው ስብሰባ አይገባም፣ ለእርሳቸው ይህ እርስዎ ለመኖርዎ በቂ ምስክር ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስሜ ስለሚመለስልኝ እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ነገር አይኖርም። እርሳቸው ግን አማቶቻቸው ፊት ያፈሩበትን ጊፋታ ከማን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ፣ ምሳቸውን ቋጥረው ነው የሚመጡት፣ አንብበው ዝም እንዳይሏቸው ደግሞ ስልክ የላቸውም።